ደም ሳይሰጥ ቅቤ የለም

የበርበሬ ነጋዴዋ ከድጄ ሙዝደሊፋ ወደ ቡታጅራ በርበሬ ተራ ስትገባ መንገድ ይለቀቅላታል። አክብረዋትም ነው፣ ቦታ ስለምትይዝም ነው፤ ሁለቱን ለይታ አታውቅም፣ ለመለየትም አልተጨነቀችም። በአርባ አንድ ዓመቷ መቶ አራት ኪሎ ነበረች። ቁጥሩን ያወቀችው አንድ ደላላ በገበያ መሃል «የጆንያ ሚዛን እንኳን አይችልሽም» ብሎ የቀለደባት ቀን ነው። ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ ጮክ ብላም ቁጥሩን አነበበች። ከዚያ ወደ ደላላው ዞራ፣

«አሁን ደግሞ አንተ ውጣ፤ የባዶ ጆንያውን እንቀንስ» አለችው።

በርበሬ ተራ ለሳምንት ሳቀ። ደላላው «ባዶ ጆንያ» የሚል ስም ወጣለት፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀውም።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ። ስለ ሰውነቷ የሚነገረውን ሁሉ እየመለሰች ነው ያደገችው። ልጅ ሳለች ወፍራም መሆን «ቅቤ የጠጣች» ተብሎ የሚያስመሰግን ነበር። ስታድግ ሐሳቡ ተገለበጠና ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥላት ጀመር። እሷ ግን ስትመሰገንም ሲታዘንላትም ያው ነበረች።

ኅዳር ላይ፣ በርበሬ በሚገባበት በግርግሩ ሰሞን፣ የአንድ ክሊኒክ ሠራተኞች ገበያው አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው ስኳርና ግፊት በነጻ ይለኩ ነበር። ከድጄም ተለካች። ስኳሯ ደህና ሆነ፣ ግፊቷ ከፍ አለ፤ «በደም ውስጥ ያለውን ስብ እንድናይልሽ ነገ ምንም ሳትበዪ ነይ» አሏት። በነጋታው በባዶ ሆዷ ሄደች። ላቦራቶሪው ውስጥ ያለችው ሰላም የምትባል ቀጠን ያለች ልጅ ናት፤ ደሟን ቀዳችና ብልቃጡን ማሽኑ ውስጥ ከትታ አሽከረከረችው። ስታወጣው ሁለቴ አየችው።

«ምነው፣ ምን አየሽ?» አለቻት ከድጄ።

«እትዬ፣ ትናንት ማታ ምን በሉ?»

«ከመግሪብ ሶላት በኋላ ውሃ ብቻ ነው የቀመስኩት፣ ወላሂ።»

ሰላም ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችላት። ከታች ቀዩ ረግቷል። ከላይ ያለው እንደ ቀጭን ሻይ መሆን ነበረበት። የከድጄ ግን ነጭ ነበር፤ ጠዋት የታለበ ወተት ይመስላል።

«ስቡ ነው» አለች ሰላም በቀስታ።

«ላም ሆኜ ኖሬያለሁና እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም» አለች ከድጄ። ልጅቷን ልታስቃት ብላ ነው።

የዕለቱ ተረኛ ባለሙያ ወረቀቱን አየና ቀና እንኳን ሳይል፣ «ሴትዮ፣ ሰውነትሽ ነው። ቀንሺ» አላት። በቃ፣ ይኸው ነው። ከድጄ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን ሁሉ ይህን ነገር አላመጠችው። ቀንሺ መባሉን አልጠላችውም። ያንገበገባት ሰውዬው ምንም ሳይጠይቃት መጨረሱ ነው። አንድ ኩንታል በርበሬ እንኳን ሲገዛ እጅ ይገባበታል፣ ይሸተታል፣ ከየት መጣ ይባላል።

በነጋታው ባሏን ሰይዶን ይዛ ተመለሰች። ሰይዶ ዳቦ ቤት አለው፤ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ነው፤ ሆዱ ከበሩ ቀድሞት ይገባል። እሱም በባዶ ሆዱ ደሙን ሰጠ። ብልቃጡ ሲወጣ ጥርት ያለ ነበር፤ ቁጥሩም ደህና። ሰይዶ ወረቀቱን እንደ ትምህርት ቤት ሰርተፊኬት አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ለሦስት ቀን ያህል ዳቦ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ሲያሳይ ነበር።

ከድጄ ግን «ሐኪም ካላነጋገረኝ አልወጣም» ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ያነጋገራት ዶክተር ኢዮብ ነው፤ የወልቂጤ ልጅ፣ ሰው ሲናገር እስክሪብቶውን አስቀምጦ የሚሰማ።

«ዶክተር፣ ባሌ ከእኔ በአሥራ አራት ኪሎ ይበልጣል» አለችው። «ጥፋቱ የኪሎ ከሆነ የእሱ የት ሄደ?»

«ልክ ነዎት» አላት።

እሷ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

«አባትዎ አሉ?» ብሎ ቀጠለ።

አልነበረም። አባቷ ሙዝደሊፋ በአርባ ሦስት ዓመቱ አይሱዙ ላይ በርበሬ እያስጫነ ሳለ «ደረቴን» ብሎ ገመዱን እንደያዘ ተቀመጠ፤ አልተነሣም። እሷ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አጎቷ፣ የአባቷ ወንድም ኡበይድም በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በአረፋ ሦስተኛ ቀን፣ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ውዱእ አድርጎ፣ ታጥቦ ሲነሣ ወደቀ። ሁለቱም ቀጭኖች ነበሩ። ቤተሰቡ ውስጥ ይህ ነገር አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ዓይን በላቸው።

ዶክተር ኢዮብ ይህን ሁሉ ሰምቶ ነገሩን አስረዳት። ደም ውስጥ ያለው ስብ ከምግብ ብቻ አይመጣም። ጉበት ራሱ ስብ ይሠራል፣ በደም ያሠራጫል፣ ከዚያም መልሶ ይሰበስባል። ይህን ሥራ አንዱ ሰው በደንብ ይሠራዋል፣ አንዱ ደግሞ ከወላጆቹ በወረሰው ዘረመል ምክንያት ይደክመዋል።

«አቶ ሰይዶ እስካሁን ሸክሙን ችለውታል። ነገም ይችሉታል ማለት አይደለም፤ በወረቀቱ አይኩራሩ» አለ። «እርስዎ ጋ ግን ሰብሳቢው ድሮም ደካማ ነው። ውፍረቱ ደግሞ ሲጨመርበት አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል። አንድ ኪሎ እሳቸው ላይ አንድ ኪሎ ነው። እርስዎ ላይ ግን ከዚያ በላይ ይከብዳል።»

«ይኼ ፍርድ ነው?»

«ፍርድ አይደለም። ግን እንደዚያ ነው።»

ከድጄ አሰበች። በርበሬ ታውቃለች። አንድ የማረቆ ዘር ሁለት ማሳ ላይ ሲዘራ አንዱ ዓይን የሚያስለቅስ፣ ሌላው ለዘብ ያለ ይሆናል። እዚያው ማሳ ላይ ሌላ ዘር ቢዘራ ደግሞ ፀሐዩ የቱንም ያህል ቢበረታበት እንደ ማረቆ አያቃጥልም። ስለዚህ ዘሩም ማሳውም ነው። ይህ ገባት። ስለገባትም ሁለት ቁጣ አንድ ላይ መጣባት፤ አንዱ «ሰውነትሽ ነው» ብሎ ባሰናበታት ሰውዬ ላይ፣ ሌላው «ዓይን ነው» እያለ ባሳደጋት ቤት ላይ።

«ዘሩን የሚያይ መሣሪያ እዚህ የለንም» አለ ዶክተሩ። «እኔ የማየው ቤተሰቡን ነው። ወንድም እህት አለዎት?»

«አንድ ወንድም አለኝ፤ ሸረፋ።»

«ወፍራም ነው?»

«ሸረፋ?» ሳቀች። «ነፋስ ሲነሣ ኪሱ ድንጋይ የሚከተትለት ነው።»

ዶክተሩ አልሳቀም። «እሱን አምጡልኝ» አለ።

እሷ ኪኒኑን ጀመረች። ጠዋት ጠዋት እስከ መናኸሪያው በእግሯ መሄድ ያዘች። ባዶ ጆንያ «ከድጄ ልትቀጥን ነው፤ ገበያው ሊሰፋ ነው» ሲል፣ «ለአንተ ብዬ አይደለም፣ ዞር በል» እያለች ታልፈዋለች። በስድስት ወር ዘጠኝ ኪሎ ወረደች፤ የብልቃጡ ወተትም ቀጠነ። እንደ ሰይዶ ግን አልጠራም፤ እንደማይጠራም ተነግሯታል። አሁንም ወፍራም ናት፣ አላፈረችበትምም። እንቅልፍ የነሳት ሸረፋ ነው።

ሸረፋ ወልቂጤ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ከሞተበት ዕድሜ ሰባት ዓመት ቀርቶታል። እናታቸው እማማ መሕቡባ ከልጅነቱ ጀምሮ «ይህ ልጅ አልሰባ አለኝ» እያሉ ይጨነቃሉ። ስለዚህ በየወሩ በሚኒባስ ቅቤ ይላክለታል። ከወፍራሟ ልጅ ቀንሰው ለቀጭኑ ልጅ ይጨምራሉ፤ ከሣ የተባለ ሁሉ በዚያ አገር መድኃኒቱ ያው ነው።

ከድጄ ደወለችለት። «ደምህን ተመርመር።»

«እኔ? ከድጄ ሙች፣ ቀበቶዬ ላይ አራት ቀዳዳ አስጨምሬ ነው የምታጠቀው» አላት። «ይልቅ አንቺ ለራስሽ አስቢ።»

ኅዳር አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፣ «እሺ» እያለ አልሄደም። እናቷ ጋ ስትሄድ ደግሞ እማማ መሕቡባ ተቆጡ።

«በልጄ ላይ አታሟርቺ። ሃኒ ነገ ትዳራለች» አሉ፤ ሃኒ የከድጄ ልጅ ናት። «የእነ ሙዝደሊፋ ዘር ልብ ይዞ ይጥላል ከተባለ ማን ነው ደጃችንን የሚረግጠው?»

«የማይመጣው ይቅር፣ እማ። ሃኒም ትመረመራለች።»

«አንቺ ወፍረሽ ታመምሽ፤ እሱን ምን አገባው?»

ከዚህ በኋላ ነው ከድጄ ወደ ውጆው ያሰበችው። ውጆ የሴቶች የቅቤ ማኅበር ነው፤ አሥራ ሁለት ሆነው በየሳምንቱ ቅቤ ያዋጣሉ፣ የተሰበሰበውን በተራ አንዷ ትወስዳለች። ከተራው ሁሉ የሚፈለገው የአረፋው ነው፤ ከአዲስ አበባም፣ ከወልቂጤም፣ ከየትም ያለው ልጅ ሁሉ ለአረፋ አገር ቤት ይገባል። በዋዜማው የሴቶች አረፋ ነው፤ ቡላ በቅቤ ይሠራል፣ አተካና ይባላል፤ ያለ ቅቤ ደግሞ አተካና የለም። ዘንድሮ ዕጣው ለከድጄ ወጣ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ ተረከበች፣ በርበሬ መጋዘኗ ውስጥ አስገባች፣ በሩን ቆለፈች፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። ከዚያ እናቷ ጋ ልጅ ላከች፤ «ሸረፋ ደም ሳይሰጥ ቅቤ የለም።»

እማማ መሕቡባ በዚያው ቀን ከሰዓት መጡ፣ ነጠላቸው አንድ ትከሻ ላይ ቀርቶ።

«የአረፋን ቅቤ የሚቆልፍ እስላም አይቼ አላውቅም» አሉ።

«እኔም አላየሁም። እኔ ጀመርኩት።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«ይበል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ምን ይለናል ስንል ኖረን፣ ሰው ለአባቴ ምን አደረገለት?»

«ከድጄ፣ እኔ እናትሽ ነኝ።»

«ስለሆንሽ ነው ቅቤውን ያልሸጥኩት» አለች ከድጄ። እማማ መሕቡባ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

የአረፋ ዋዜማ ጠዋት ሸረፋ በአገና በኩል ተራራውን አቋርጦ ገባ። ወሬውን ገና ከወልቂጤ ሳይነሣ ሰምቶታል፤ የሚኒባሱ ረዳት እንኳን «ቅቤ የታሰረበት ሰውዬ አንተ ነህ?» ብሎታል። ከድጄን በርበሬ ስትለቅም አገኛት፤ እናቱ ከኋላው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የቅቤ ፖሊስ» አላት።

«ወአለይኩም ሰላም። ክሊኒኩ ክፍት ነው፣ ተነሥ።»

«ዛሬ እኮ የአረፋ ጾም ነው። ጾመኛ ነኝ።» ፈገግ አለ፤ ያመለጠ መስሎታል።

ከድጄ የያዘችውን በርበሬ ወንፊቱ ላይ አስቀመጠች። «ከሌሊቱ ሱሑር ወዲህ አልበላህም ማለት ነው?»

«እህ፣ ጾም ምን ማለት ነው?»

«ሱሑር ላይስ ምን በላህ?»

«ወሬሽን ስሰማ አስጠላኝና ውሃ ብቻ ጠጣሁ።»

«የሚፈልጉት እሱን ነው። ባዶ ሆድ» አለች። «ሸህ ሀቢቡንም ጠይቄያለሁ፤ ለምርመራ የሚቀዳ ትንሽ ደም ጾም አያስፈታም ብለውኛል። ካላመንከኝ ደውልላቸው፤ ጥሪህን እየጠበቁ ነው።»

ሸረፋ እናቱን አየ። እናቱ መሬቱን አዩ። ለቅቤው ብለው ይሁን በሌላ፣ እሳቸውም አልተከላከሉለትም። ሦስቱም ተያይዘው ሄዱ።

ሰላም ብልቃጡን ከማሽኑ ስታወጣ የሸረፋ ደም ጥርት ያለ ነበር። ልክ እንደ ሰይዶ፣ እንዲያውም የበለጠ የጠራ። ሸረፋ ከልጅቷ እጅ ሊቀማት ምንም አልቀረውም።

«አየሽ እማ? ይኸው! ወተት የለም፣ ምን የለም። ስድስት ወር ሙሉ በከንቱ አስጨነቀችን።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እማማ መሕቡባ፤ ከድጄንም አዩዋት። ያ አስተያየት ከስድብ ይከብዳል። ከድጄ አልተንቀሳቀሰችም። «ቁጥሩን እንጠብቅ» አለች ብቻ፤ ቁጥሩ እስኪመጣ ግን ቁልፉን በመዳፏ ውስጥ ስትጨምቀው ቆየች።

ወረቀቱን ይዞ የመጣው ዶክተር ኢዮብ ራሱ ነው። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ነበር፤ ከመቶ ሠላሳ ማለፍ አልነበረበትም።

«ግን ጠርቷል እኮ!» አለ ሸረፋ።

«ኮሌስትሮል ደምን አያነጣም» አለ ዶክተሩ። «የእህትህን ወተት ያስመሰለው ሌላው ስብ ነው፤ ትራይግሊሰራይድ ይባላል፤ ውፍረት ቶሎ የሚያስነሳው እሱን ነው። ስለዚህ እሷ ላይ ታየ። በአንድ ቤት አንዱ ላይ ይኼኛው፣ ሌላው ላይ ያኛው ሊወጣ ይችላል። አንተ ጋ ቅጥነትህ ሸሸገው። ደረጃ ስትወጣ፣ ዕቃ ስትሸከም ደረትህን ይዞህ ያውቃል?»

ሸረፋ ወለሉን አየ። እህቱን አላያትም፣ እናቱንም አላያቸውም።

«ሞተር ስሸከም» አለ። «ሁለት ሦስቴ። ጨጓራ ነው ብዬ ነበር።»

እማማ መሕቡባ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከድጄ ተከራክራ ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ እንደ ዛሬው ግን ማሸነፏን ጠልታ አታውቅም። ዶክተሩ ኪኒን ጻፈለት፣ ለልብ ምርመራ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚሄድበትን ወረቀት ሰጠው፣ ከባድ ዕቃ እንዳይሸከምም አዘዘው። በዓሉ እንዳለፈ እንዲሄድ ከድጄ እዚያው አስማለችው።

ቃሏ ቃል ነውና መጋዘኑን ከፈተች። ማታ ጾም ሲፈታ እማማ መሕቡባ እንደ ወጉ የነጠረውን ቅቤ መጀመሪያ የወንድ ልጃቸው ሳህን ላይ ሊያፈሱ ዘረጉ። እጃቸው ሳህኑ ላይ ቆመ። ወደ ታች አላለም፣ ወደ ኋላም አላለም።

«ለእኔ ያድርጉት» አለ ሰይዶ ሳህኑን አቅርቦ። «የእኔ ደም ወረቀት አለው።»

«አንተም ቁጭ በል፤ ተነግሮሃል» አለችው ከድጄ።

ሸረፋ ሳቀ፤ ጠዋት ከክሊኒኩ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ለሁሉም በማንኪያ ጫፍ ደረሳቸው።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ቀን፣ ዘመድ ሁሉ እናታቸው ግቢ ተሰበሰበ። ዱዓው እንዳለቀ፣ ወንዶቹ ከመነሣታቸው በፊት ከድጄ ቆመች። ሴት በዚያ ሰዓት አትናገርም የሚል የተጻፈ ነገር የለም፤ ተናግራ የምታውቅ ግን የለችም።

«አባቴ በአርባ ሦስት፣ አጎቴ ኡበይድ በሠላሳ ዘጠኝ» አለች። «ዓይን አይደለም። በደም የሚወረስ ነገር ነው፤ ኪኒን አለው። ከነገ ወዲያ ክሊኒኩ ይከፈታል። ከዚህ ዘር የሆነ ሁሉ በባዶ ሆዱ ይምጣ።»

ሙስሊም የሚባለው የኡበይድ ልጅ፣ የአዲስ አበባው ነጋዴ፣ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። እሱም ቀጭን ነው። «እቴ ከድጄ፣ እኛ ቤት ወፍራም የለም» አለ። «አንቺ ስለወፈርሽ እኛን ለምን ታሳምሚናለሽ?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ከድጄ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«አባትህ ስንት ኪሎ ነበር፣ ሙስሊም?»

የሳቁት ወደ ሙስሊም ዞሩ። ሙስሊም አባቱ ሲወድቅ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ወደ ውስጥ ተሸክመው ሲያስገቡት «ምንም አይከብድም» የተባለውን ሁሉም ሰው ያስታውሰዋል።

«በእኔ ውፍረት ሳቁ» አለች ከድጄ። «እኔ በሰው ፊት ሚዛን ላይ ወጥቼ አውቃለሁ። ሳቅ አይገድለኝም። ማወቁን ግን ማንም አይከለክለኝም።»

ሸረፋ ከተቀመጠበት ተነሣና አጠገቧ ቆመ። 

ክሊኒኩ በተከፈተ ቀን ጠዋት አሥራ አንድ ሰው መጣ። ሙስሊም ሁለት ልጆቹን ይዞ ከመጨረሻው ተሰልፎ፣ ስልኩን እያየ እሷን ያላየ መስሏል። እሷም አልጠራችውም። ሃኒ ቀድማ ክንዷን ሰጥታ ወጥታለች። ሰላም «ቀጣይ» ስትል ከአግዳሚው ላይ እማማ መሕቡባ ተነሡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«እማማ፣ የእርስዎ አልታዘዘም» አለች ሰላም። «በእናንተ ቤት የሞቱት በአባት በኩል ናቸው።»

«በባዶ ሆዴ ነው የመጣሁት።»

«እማ፣ ከማን እንደመጣ ማወቁ ምን ያደርግልሻል?» አለች ከድጄ።

«ዝም በይ» አሉ እማማ መሕቡባ። «አባትሽን የበላው የጎረቤታችን የሸዋዬ ዓይን ነው ብዬ ሃያ ዓመት ሰላምታ ነፈግኳት። ሸዋዬ ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተች። አሁን እንግዲህ የእኔንም ደም ይዩት። አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ በዚህ ቤት ደፋር?»

የእጅጌያቸውን ቁልፍ ፈቱ፤ ክንዳቸውንም ወደ ሰላም ገፉት።

«ውጊ» አሉ።